ነጥብ የሚያስቀንስ ሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ፦ የኮርስ መስፈርቶችን ለተማሪዎች ግልጽ ስለማድረግ

ተማሪዎች በማስረከቢያው ዋዜማ «ስንት ገጽ ይሁን?»፣ «ምንጭ መጥቀስ ግዴታ ነው?»፣ «ከጓደኛ ጋር መሥራት ይቻላል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ብዙ መምህራን ጥያቄውን የስንፍና ወይም የትኩረት ማጣት ምልክት አድርገው ይወስዱታል። አንዳንዴም እውነት ነው። ነገር ግን ያው ጥያቄ ከአምስት ተማሪዎች በተለያየ ቀን ከመጣ ጉድለቱ ከጠያቂዎቹ ሳይሆን ከመመሪያው መሆኑን መቀበል ይገባል። ከዚህ የሚከፋው ጥያቄው ጨርሶ ሳይነሣ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ በየግሉ የገመተውን ይዞ ይሠራል፤ መምህሩ ደግሞ ሁሉንም በልቡ ባለው አንድ ልክ ይመዝናል፤ በትክክል የገመተው ከፍተኛ ነጥብ ሲያገኝ፣ ግምቱ የሳተበት ዕውቀት ሳያንሰው ነጥብ ያንሰዋል።

ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከአንድ ደንብ ነው፦ ነጥብ የሚያስቀንስ ማንኛውም ነገር፣ ተማሪው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት፣ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ተጽፎ መገኘት አለበት። ደንቡን መናገር ቀላል ሲሆን መፈጸሙ ግን ያስቸግራል፤ ምክንያቱም መምህሩ ከትምህርቱ ጋር ለዓመታት ስለኖረ፣ ለእርሱ ግልጽ የሆነው ነገር ለጀማሪ ግልጽ አለመሆኑን ማየት ተስኖታል። ስለዚህ ሥራው ከባዶ ገጽ ባይጀምር ይሻላል።

ከታረሙ ወረቀቶች መነሣት

የኮርስ መግለጫ፣ በተለምዶ አውትላይን የምንለው ሰነድ፣ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ያለፈውን ዓመት ፋይል ከፍቶ ቀኖቹን በመቀየር ነው። ከዚህ የተሻለው መንገድ አስቀድመው ያረሟቸውን ሥራዎች መለስ ብሎ ማየት ነው። ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ውጤት ካገኙት የተቀላቀሉ አሥር ያህል ወረቀቶችን ይውሰዱ፤ በኅዳጋቸው ላይ የጻፏቸውን አስተያየቶች በሙሉ አንድ ሳያስቀሩ በአንድ ገጽ ላይ ይገልብጡ። «መረጃው ከየት መጣ?»፣ «ይህ ማጠቃለያ እንጂ ትንተና አይደለም»፣ «መለኪያው አልተጻፈም»፣ «መግቢያው ረዝሟል»፣ «ተቃራኒው ሐሳብ አልተነሣም» የሚሉ ዓይነቶች ይበዙበታል። ከዚያም በእያንዳንዱ አስተያየት ትይዩ፣ ይህ ነገር እንደሚጠበቅ ለተማሪው የተነገረበትን ሰነድና ገጽ ይጻፉ። ትይዩው ባዶ ሆኖ የቀረበት አስተያየት ሁሉ የተደበቀ መስፈርት ነበር ማለት ነው።

ይህን መጀመሪያ ስሞክር ከወረቀቶቹ መካከል አንዱ 2 ገጽ፣ ሌላው ተጠርዞ የቀረበ 24 ገጽ ነበር። ያዘዝኩት «አጠር ያለ ሪፖርት» ሲሆን ሁለቱም ተማሪዎች ቃሉን በየራሳቸው ልክ ተርጉመውታል። እኔ ደግሞ ከአንዱ «ጥልቀት የለውም» ብዬ፣ ከሌላው «ተንዛዝቷል» ብዬ ቀንሻለሁ። ከ1,200 እስከ 1,500 ቃል የሚል አንድ ሐረግ ብጽፍ ኖሮ ሁለቱም ቅነሳዎች ባላስፈለጉ ነበር።

የተደበቀ መስፈርት ሲገኝ ሦስት ዕጣ አለው። በእርግጥ አስፈላጊ ከሆነ በመመሪያው ውስጥ ይገባል። አስፈላጊ ሆኖ ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚፈጽሙት የማያውቁት ከሆነ፣ ለምሳሌ የምንጭ አጠቃቀስ ዘዴ፣ መጻፉ ብቻ ስለማይበቃ ክፍል ውስጥ ሊማሩት ይገባል። ሦስተኛው ዕጣ የሚረሳው ነው፦ መስፈርቱ የመምህሩ የግል ምርጫ እንጂ ከትምህርቱ ግብ ጋር የማይገናኝ ሆኖ ከተገኘ ጨርሶ ይሰረዛል። የፊደል መጠን፣ የሽፋን ገጽ ቀለም፣ የስቴፕለር አቀማመጥ ነጥብ ሲያስቀንሱ አይቻለሁ፤ በጽሑፍ ላስቀምጣቸው ስል ግን ለራሴም አፈርኩባቸው። መስፈርትን መጻፍ ከሚያስገኛቸው ጥቅሞች አንዱ ይህ ነው፤ ተጽፎ ሲታይ የማይረባው ራሱን ያጋልጣል።

ግቡን ሊታይ በሚችል ግሥ መጻፍ

የኮርስ ግቦች ዝርዝር ብዙ ጊዜ «ተማሪዎች ይረዳሉ»፣ «ግንዛቤ ያገኛሉ»፣ «ያደንቃሉ» በሚሉ ግሦች ይሞላል። ተማሪው ይህን አንብቦ ዛሬ ማታ ምን ቢያደርግ ግቡ ላይ እንደሚደርስ ማወቅ አይችልም፤ መምህሩም «መረዳት» የሚባለውን ነገር በዓይኑ ሊያየው አይችልም። የሚታየው ተማሪው ሲያሰላ፣ ሲያወዳድር፣ ሲመድብ፣ ስሕተት ሲለይ፣ ምርጫውን በምክንያት ሲደግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በቤንጃሚን ብሉም መሪነት የታተመውና በ2001 የተከለሰው የትምህርት ግቦች አመዳደብ በመምህራን ዘንድ ለረጅም ዘመን የቆየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በተከለሰው መልኩ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገምና መፍጠር የሚሉ ስድስት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ በየደረጃው ሥር ለመምህሩ የሚያገለግሉ ግሦች ይደረደራሉ።

ይሁን እንጂ ግሡን ከዝርዝር መምረጥ ብቻውን ግልጽነት አያመጣም። «ተንትኑ» የሚለው ትእዛዝ በሥነ ጽሑፍ፣ በሒሳብ አያያዝና በኬሚስትሪ ክፍሎች ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ያመለክታል፤ በአንድ መንፈቀ ዓመት ሦስቱንም የሚማር ተማሪ የትኛውን እንደሚጠየቅ ሊገምት አይገባውም። ስለዚህ በፈተናና በቤት ሥራ ላይ የሚደጋገሙትን አምስት ወይም ስድስት ግሦች ይለዩና ለእያንዳንዳቸው በዚህ ኮርስ ውስጥ ምን ማለት እንደሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ። ለምሳሌ «በዚህ ኮርስ መተንተን ማለት አንድን ውጤት ያስከተሉትን ምክንያቶች ለይቶ፣ የትኛው ይበልጥ እንደሚመዝን በማስረጃ ማሳየት ነው፤ የሆነውን በቅደም ተከተል መተረክ ትንተና ተብሎ አይያዝም» ብሎ የጻፈ መምህር፣ ያለዚያ በሠላሳ ወረቀት ላይ ሠላሳ ጊዜ ሊጽፈው ከነበረው አስተያየት ያርፋል።

በዚሁ አጋጣሚ ግቡ፣ ትምህርቱና ምዘናው መስማማታቸውን መፈተሽ ያስፈልጋል። የትምህርት ተመራማሪው ጆን ቢግስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስፋፋው ሐሳብ ዋና ነጥብ ይኸው ነው፦ ተማሪው የሚማረው በአብዛኛው የሚመዘንበትን ነገር ስለሆነ፣ ምዘናው ከግቡ ከተለየ ተማሪው የሚከተለው ምዘናውን ነው። ሰነድዎ «በጥልቀት ማሰብ» እያለ ፈተናዎ ትርጓሜ ማስታወስን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ተማሪዎች ካለፉት ዓመታት ተማሪዎች ጠይቀው እውነተኛውን መስፈርት በሁለት ሳምንት ውስጥ ያውቁታል። ከዚያ በኋላ የኮርሱን መግለጫ የሚያምን አይኖርም።

ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ መናገር

ብዙ ሰነዶች ሙሉ በሙሉ የሚዘሉት ነገር ኮርሱ የሚጠይቀው ጊዜ ነው። በአውሮፓ የክሬዲት ማስተላለፊያ ሥርዓት አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራን ይወክላል፤ ይህም የክፍል ጊዜን፣ ንባብን፣ የቤት ሥራንና የፈተና ዝግጅትን አንድ ላይ ይይዛል። በዚህ ስሌት 5 ክሬዲት ያለው ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይፈልጋል። መንፈቀ ዓመቱ 15 ሳምንት ቢሆንና በሳምንት 3 ሰዓት በክፍል ቢያልፍ፣ 45 ሰዓት ተቀንሶ ከክፍል ውጭ የሚቀረው ከ80 እስከ 105 ሰዓት ነው፤ ይህም በሳምንት ከ5 እስከ 7 ሰዓት መሆኑ ነው። የሚከተሉት የአቆጣጠር ሥርዓት ሌላ ቢሆንም ይህን የመሰለ ስሌት በሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ተማሪው ከሌሎች ኮርሶቹና ከሥራው ጋር የሚያመዛዝነው በዚህ ነውና።

ስሌቱ ለመምህሩም ልጓም ነው። በአንድ ሳምንት የተሰጡትን ንባቦች፣ የሚመለሱትን ጥያቄዎችና የሚጻፈውን ሪፖርት ደምረው 7 ሰዓት ውስጥ ካልገቡ፣ ወይ ተማሪው የተወሰነውን እንደሚዘል አውቀው ሰጥተዋል፣ ወይም አልቆጠሩም። የቤት ሥራውን ራስዎ ሠርተው የፈጀብዎትን ደቂቃ ይያዙ፤ እኔ ለጀማሪ ተማሪ የራሴን ጊዜ በሦስት አባዝቼ እገምታለሁ፤ እስካሁን ብዙም አላሳሳተኝም።

ነጥብና ቀነ ገደብ

ተማሪዎች ከሰነዱ ውስጥ በጥንቃቄ የሚያነቡት ክፍል ይህ ሲሆን፣ በአብዛኛው በችኮላ የሚጻፈውም ይኸው ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ምዘና ከመቶ ስንት እንደሚይዝ፣ መቼ እንደሚሰጥና መቼ እንደሚመለስ በአንድ ሠንጠረዥ ይቀመጥ። ድምሩ 100 መሆኑን ደጋግመው ያረጋግጡ፤ ድምሩ 105 ወይም 95 የሚሆን ሠንጠረዥ የሚያጋጥመው ከሚጠበቀው በላይ ነው።

ከዚያ የቅጣቱ አነጋገር ይመጣል። «ዘግይቶ ለሚቀርብ ሥራ በየቀኑ 10 በመቶ ይቀነሳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግልጽ ይመስላል። አንዲት ተማሪ ከ20 የሚታረም ሥራ ሁለት ቀን ዘግይታ አቅርባ 16 አገኘች እንበል። 10 በመቶው ከሙሉው ነጥብ የሚሰላ ከሆነ በቀን 2 ነጥብ ሄዶባት 12 ይቀራታል። ካገኘችው ነጥብ የሚሰላ ከሆነ 3.2 ተቀንሶ 12.8 ይሆናል። በየቀኑ ከቀሪው ላይ የሚሰላ ከሆነ ደግሞ 12.96 ታገኛለች። ሦስቱም ንባቦች ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ይስማማሉ። ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም የማለፊያ ነጥብ ድንበር ላይ ያለ ተማሪ ግን ለቅሬታ የሚመጣው በዚህችው ክፍልፋይ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም የስሌት ደንብ ሥር በቁጥር የተሠራ አንድ ምሳሌ ያስቀምጡ፤ ቅዳሜና እሑድ ከተቆጠሩም ይናገሩ፤ ከስንተኛው ቀን በኋላ ሥራው ጨርሶ እንደማይወሰድም ይጻፉ።

ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ናቸው። «እስከ ዓርብ እኩለ ሌሊት» ሲባል ሐሙስ ለዓርብ የሚያነጋው ሌሊት ነው ወይስ ዓርብ ለቅዳሜ የሚያነጋው? «ዓርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይህን ጥያቄ ያጠፋዋል። ማስረከቢያው በኮምፒውተር ሥርዓት በኩል ከሆነ ሥርዓቱ የሚያሳየው ሰዓትና በሰነዱ ላይ የተጻፈው በአንድ አቆጣጠር መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ በዚህ ምክንያት የስድስት ሰዓት ልዩነት ተፈጥሮ ሥራው የተዘጋበት ተማሪ ጥፋተኛ አይደለም።

ለማለፍ የተቀመጡ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታዎችም በትንሽ ፊደል ግርጌ ላይ ሊደበቁ አይገባም። የማለፊያው ድምር 50 ሆኖ፣ ከማጠቃለያ ፈተናው ደግሞ ቢያንስ 40 በመቶ ማግኘት ግዴታ ነው እንበል። በመንፈቀ ዓመቱ ተከታታይ ምዘና ከ50 ውስጥ 48፣ በማጠቃለያ ፈተናው ከ50 ውስጥ 15 ያገኘ ተማሪ ድምሩ 63 ቢሆንም ይወድቃል፤ በፈተናው ያገኘው 30 በመቶ ብቻ ነውና። ይህን ደንብ ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ የሚሰማ ተማሪ ተበደልኩ ቢል የሚያስገርም አይደለም። «ከ50 በላይ» እና «50ና ከዚያ በላይ» የሚሉትን መለየትም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው።

የሰው ችግር ሲያጋጥም የሚደረገውንም አስቀድሞ መወሰን ይበጃል። ሕመም፣ የቤተሰብ ሐዘን፣ የኢንተርኔት መቋረጥ ሲደርስ ተማሪው ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በምን መንገድ ያሳውቃል? ማካካሻ ፈተና መቼ ይሰጣል? ይህ ካልተጻፈ ይቅርታ የሚያገኙት ደፍረው የሚጠይቁት ብቻ ይሆናሉ፤ ዓይናፋሩ ደግሞ ደንቡ እንደማይፈቅድ ገምቶ ዝም ይላል።

የጥራትን ልክ ማሳየት

መስፈርቶችን ከዘረዘሩና ነጥቦቹን ከመደቡ በኋላ የሚቀረው ከሁሉ የከበደው ነው፤ ይኸውም «ጥሩ ሥራ» ምን እንደሚመስል ማስተላለፍ። የሠንጠረዥ መመዘኛ ወይም ሩብሪክ የተፈጠረው ለዚህ ነበር። ሆኖም በሠንጠረዡ ሣጥኖች ውስጥ «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «መጠነኛ» ብቻ ከተጻፈ ተማሪው ያገኘው የነጥብ ደረጃዎችን ስም እንጂ የጥራቱን መልክ አይደለም። በየሣጥኑ ውስጥ መጻፍ ያለበት በወረቀቱ ላይ የሚታይ ነገር ነው። «በማስረጃ አጠቃቀም» ረድፍ ላይ፣ ለከፍተኛው ደረጃ «እያንዳንዱ ዋና ሐሳብ ቢያንስ በአንድ ምንጭ ተደግፏል፤ ምንጩ ሐሳቡን እንዴት እንደሚደግፍም ተብራርቷል»፤ ለመካከለኛው «ምንጮች ተጠቅሰዋል፤ ነገር ግን ከሐሳቡ ጋር ያላቸው ግንኙነት ለአንባቢው ተትቷል»፤ ለዝቅተኛው «ዋና ዋና ሐሳቦች ያለ ምንጭ ቀርበዋል» ተብሎ ቢጻፍ ተማሪው የራሱን ረቂቅ አንሥቶ ሊያስተያየው ይችላል።

ሦስት ወይም አራት ደረጃ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ረድፍ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ መምህሩ ራሱ ሲያርም አይጠቀምበትም፤ በአጠቃላይ ግምት ነጥብ ሰጥቶ በኋላ ሣጥኖቹን ከነጥቡ ጋር ለማስማማት ይሞላል። እውነቱን ለመናገር ይህን ያላደረገ መምህር ጥቂት ነው።

ቃል ብቻውን የማያደርሰውን ምሳሌ ያደርሳል። የምዘና ተመራማሪው ሮይስ ሳድለር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ተማሪ ሥራውን ለማሻሻል የሚፈለገውን ልክ ማወቅ፣ የራሱን ሥራ ከልኩ ጋር ማነጻጸርና ልዩነቱን የሚያጠብብ እርምጃ መውሰድ መቻል አለበት። የመጀመሪያው ካልተሟላ ሁለቱ አይከተሉም። በተግባር ይህን ለማድረግ ካለፉት ተማሪዎች በፈቃዳቸው የተገኙ፣ የሠሪው ስም የተሰረዘባቸው ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎችን ያዘጋጁ፤ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ መካከለኛ ይሁን። ተማሪዎች በሩብሪኩ መሠረት በየግላቸው ነጥብ እንዲሰጡ፣ ከዚያም በትንንሽ ቡድን ሆነው እንዲወያዩና የጋራ ነጥብ ላይ እንዲደርሱ 30 ደቂቃ ይስጡ። በመጨረሻ የእርስዎን ነጥብና ምክንያት ይግለጹ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ረጅሙንና ቃላቱ የከበዱትን ጽሑፍ ከፍ ያለ ነጥብ ሲሰጡት ያያሉ፤ ያን ጊዜ የሚነሣው ክርክር ከማንኛውም ሰነድ የበለጠ ያስተምራል። የናሙናው ርዕስ ከሚሰጡት ሥራ ርዕስ የተለየ ቢሆን ይመረጣል፤ አለበለዚያ ምሳሌው ይቀዳል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ አደጋ መነሣት አለበት። ሁሉም ነገር እስከ አንቀጽ ብዛት ድረስ ከተወሰነ ተማሪው ማሰቡን ትቶ ሣጥን መሙላት ይጀምራል። አንዳንድ ሥራዎች ሆን ተብለው ክፍት መተው አለባቸው፤ ጥያቄውን ራሱ መቅረጽ የሥራው አካል የሆነበት የምርምር ጽሑፍ ለዚህ ምሳሌ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ግልጽነት ማለት ክፍት መሆኑን መናገር ነው፦ «አቀራረቡን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ነጥብ የሚሰጠው ለምርጫው ሳይሆን ምርጫው ለተደገፈበት ምክንያት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ መምህሩ በልቡ የያዘው ትክክለኛ መልስ አለ ብሎ የሚጨነቀውን ተማሪ ነጻ ያወጣዋል።

ስለ ክፍል ተሳትፎ፣ ስለ ቡድን ሥራና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

«ንቁ ተሳትፎ 10 በመቶ» ተብሎ የሚጻፈው መስፈርት ከሁሉ ይልቅ ማብራሪያ የሚሻ ነው። ተሳትፎ እጅ ማውጣት ብቻ ነው? በትንሽ ቡድን ውስጥ መናገር፣ ጥያቄ አስቀድሞ ጽፎ ማምጣት፣ የሌላውን ሐሳብ አዳምጦ ማዳበር ይቆጠራሉ? መገኘትና መሳተፍስ አንድ ናቸው? በምን እንደሚመዘግቡት መናገር ካልቻሉ ነጥቡን ለሌላ ምዘና መስጠት ይሻላል።

በቡድን ሥራ ላይ ተማሪዎች የሚያነሡት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያልሠራው እኩል ያገኛል ወይ? መልሱ ምንም ይሁን ምን አስቀድሞ ይነገር። ሁሉም አንድ ነጥብ የሚያገኙ ከሆነ ይባል፤ የግል አስተዋጽኦ በአባላት ግምገማ ወይም በቃል ጥያቄ የሚለካ ከሆነ ድርሻው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። በቡድኑ ውስጥ ችግር ሲፈጠር እስከ መቼ ማሳወቅ እንደሚገባም አብሮ ይጨመር፤ በማስረከቢያው ቀን የሚመጣ ክስ ለማንም አይበጅም።

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ደግሞ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ዝም ያለ ሰነድ ያልተሟላ ሆኗል። «ያለአግባብ መጠቀም ክልክል ነው» ማለት ምንም አይናገርም፤ አግባቡ ነውና የሚጠየቀው። አንድ ጠቅላላ ደንብ ከማውጣት ይልቅ በየሥራው ላይ ለይቶ መናገር ይመረጣል። ቃላትን ለማረም ይቻላል? ሐሳብ ለማመንጨት፣ ረጅም ጽሑፍ ለማሳጠር፣ የኮምፒውተር ኮድ ለመጻፍስ? ከተፈቀደ ተማሪው ምን ጠይቆ ምን እንዳገኘ በሥራው መጨረሻ ማሳወቅ አለበት? የተከለከለበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳትም ዋጋ አለው፤ «ይህ ሥራ የተሰጠው ረቂቅ የመጻፍ ልምምድ እንድታደርጉ ስለሆነ» ሲባል ተማሪው ክልከላውን ከግቡ ጋር ያያይዘዋል። በተመሳሳይ መንገድ፣ ኩረጃና ምንጭ ሳይጠቅሱ መቅዳት ከጓደኛ ጋር ተወያይቶ ከመሥራት በየት ላይ እንደሚለዩ በምሳሌ ካልታየ፣ መተባበርን እንደ በጎ ነገር ለምዶ የመጣ ተማሪ ሳያውቅ ይከሰሳል።

የሚጠበቀው ነገር ከአንድ ወገን ብቻ አይሁን። ሥራዎችን በስንት ቀን አርመው እንደሚመልሱ፣ ለመልእክት በስንት ሰዓት እንደሚመልሱ፣ የማማከሪያ ሰዓትዎ መቼና የት እንደሆነ፣ በውጤት ላይ ቅሬታ የሚቀርብበትን መንገድና ጊዜ ይጻፉ። ሊጠብቁት የማይችሉትን ቃል አይግቡ፤ «በ3 ቀን» ብሎ በ14 ቀን ከመመለስ ከመጀመሪያው «በ15 ቀን» ማለት ይሻላል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ

ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ ማንበብ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚያባክን ልማድ ነው። ተማሪዎች በዚያ ቀን ከአምስትና ከስድስት መምህራን ተመሳሳይ ንባብ ስለሚሰሙ የሚይዙት ጥቂት ነው። በምትኩ ሰነዱን አስቀድመው ያዳርሱና በክፍል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሰነዱን እያገላበጡ የሚመልሷቸው ስድስት ወይም ሰባት ሁኔታዎችን ይስጡ። «አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን ሥራ በሦስት ቀን ዘግይቶ አቅርቦ ከ20 ውስጥ 15 አግኝቷል፤ ስንት ይያዝለታል?»፣ «አንዲት ተማሪ የቤት ሥራዋን ከጓደኛዋ ጋር ተወያይታ ለየብቻ ጽፈውታል፤ ይፈቀዳል?»፣ «የፈተናው ዕለት የታመመ ተማሪ በመጀመሪያ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ይሁኑ። ሁለት ጥንዶች ከአንድ ሰነድ ሁለት የተለያየ መልስ ካወጡ የታረመ ሰነድ ይውጣ፤ ተማሪዎቹን «በደንብ አንብቡ» ብሎ ማለፍ ችግሩን ወደ ፈተናው ሳምንት ማስተላለፍ ነው።

ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ በፊት ስም የማይጻፍበት ቁራጭ ወረቀት ያድሉና ያልገባቸውን አንድ ነገር እንዲጽፉ ይጠይቁ። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ዝም የሚል ክፍል በወረቀት ብዙ ይናገራል። በተለይ ከቤተሰባቸው ወደ ከፍተኛ ትምህርት የገባ ሰው የሌላቸው ተማሪዎች፣ ሌሎች ከታላላቆቻቸው የሰሙትን ያልተጻፈ ሥርዓት ስለማያውቁ፣ ማማከሪያ ሰዓት ላይ ሳይጠሩ መሄድ እንደሚቻል እንኳ መጠየቅ ያፍራሉ። «ማማከሪያ ሰዓት ማለት የገባችሁንም ሆነ ያልገባችሁን ይዛችሁ ያለ ቀጠሮ የምትመጡበት ጊዜ ነው» የሚል መስመር ለእነርሱ ትርፍ አይደለም።

የሰነዱ ቃናም ሊታሰብበት ይገባል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «አይፈቀድም»፣ «ያስቀጣል»፣ «በፍጹም» የሚሉ ቃላት ከተደረደሩ ተማሪው የሚረዳው ቅጣት መኖሩን እንጂ ምን መሥራት እንዳለበት አይደለም። ጥብቅ ደንብ በትሑት ቋንቋ ሲጻፍ ጥብቅነቱ አይቀንስም።

አንድ ጊዜ የተነገረ መስፈርት ግን አይበቃም። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ አሥረኛው ሳምንት ሪፖርት የተነገረው በአሥረኛው ሳምንት አይታወስም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትልቅ ሥራ ሲደርስ አንድ ገጽ የማይሞላ የራሱ መመሪያ ይኑረው፤ ሥራው ለምን እንደተሰጠ፣ ምን ምን እንደሚደረግና በምን እንደሚመዘን በዚሁ ቅደም ተከተል ይያዝበት። ዋናው ሰነድ አጭር ሆኖ ዝርዝሩ በየጊዜው ቢመጣ፣ ማንም የማያነበው 20 ገጽ ሰነድ ከማዘጋጀት ይሻላል።

በመሃል የሚመጣ ለውጥ

መንፈቀ ዓመት እንደታቀደው አይሄድም፤ ክፍለ ጊዜ ይሰረዛል፣ አንድ ምዕራፍ ከታሰበው በላይ ይረዝማል። ለውጥ በራሱ በደል ባይሆንም የሚደረግበት መንገድ በደል ሊሆን ይችላል። ለውጡ በጽሑፍ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይነገር፤ በሰነዱ ራስ ላይ የታረመበት ቀን ይጻፍ፤ የተለወጠው መስመርም ይለይ። ክፍል ውስጥ በቃል ብቻ የተነገረ ለውጥ በዚያ ቀን ለቀረው ተማሪ አልተደረገም ማለት ነው። አስቀድሞ በተሠራ ሥራ ላይ አዲስ መስፈርት ወደ ኋላ ሄዶ ሊሠራ አይገባም፤ ቀነ ገደብን ማራዘም ካስፈለገም በጊዜው ያቀረቡት ተማሪዎች ሥራቸውን አሻሽለው እንደገና የማቅረብ ዕድል ሊያገኙ ይገባል፤ አለዚያ የተቀጣው ደንቡን የጠበቀው ነው። ለአንድ ተማሪ በግል መልእክት የተሰጠ ማብራሪያም ለሁሉም የሚጠቅም ከሆነ በዚያው ዕለት ለሁሉም ይላክ፤ የጠየቀው ብቻ የሚያውቀው መስፈርት እንደገና የተደበቀ መስፈርት ነው።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት፣ የመጀመሪያው ሥራ ታርሞ ከተመለሰ በኋላ፣ ተማሪዎችን «ነጥብ የተቀነሰባችሁ አስቀድማችሁ በማታውቁት ምክንያት ነበር?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ጥሩ ፍተሻ ነው። መልሶቹን፣ ከየዋዜማው ጥያቄዎች ጋር፣ ለዚህ ብቻ በተመደበ አንድ ማስታወሻ ደብተር ከነቀናቸው ይጻፏቸው። የሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ሰነድ ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚከፈተው ይህ ደብተር ሲሆን፣ ያለፈው ዓመት ፋይል የሚከፈተው ከእርሱ በኋላ ነው።